«የሻፊዒ ትምህርት ቤት» የት ነው ያለው?

ጥያቄ፦ ዱባይ ሆኜ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ስለ እስልምና ሕግ በሚያወራ ጽሑፍ ላይ «Shafi'i school» የሚለውን «የሻፊዒ ትምህርት ቤት» ብዬ ጻፍኩ። አራሚያችን ሰርዞ «የሻፊዒ ኑፋቄ» አደረገው። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ስታችኋል። ልዩነቱ፣ የእርስዎ ስህተት ያስቃል፤ የአራሚዎ ግን ያስከፋል።

«ትምህርት ቤት» ሲባል የአማርኛ አንባቢ የሚታየው ደወልና ዩኒፎርም ነው። ኢማም ሻፊዒ እ.ኤ.አ. በ820 ግብፅ ውስጥ ሲሞቱ የተዉት ግን ሕግን የመረዳት ስልት ነው።

«ኑፋቄ» የመጣው መክፈል፣ መለየት ከሚል የግዕዝ ሥር ነው። ከትክክለኛው እምነት ያፈነገጠ ትምህርት ማለት ነው፤ የሚከተለውም መናፍቅ ይባላል። የሙስሊም ጆሮ ደግሞ ወዲያው «ሙናፊቅ»ን ይሰማል፤ አስመሳይ፣ አፉና ልቡ የተለያየ ማለት ነው። ቃሉ ከግዕዙ «መናፍቅ» ወደ ዐረብኛ የተሻገረ ነው የሚሉ የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች ብዙ ናቸው። የአራቱን የሕግ ስልቶች ተከታዮች፣ ሻፊዒዩን፣ ሐነፊዩን፣ ማሊኪዩንና ሐንበሊዩን፣ በዚህ ስም መጥራት ስድብ ነው። አራቱም ሱኒ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ኋላ ቆሞ ይሰግዳል።

ቃሉ «መዝሀብ» ነው። ዐረብኛው «ዘሀበ» ሄደ ማለት ስለሆነ፣ «መዝሀብ» ቁርጥ የኛ «መሄጃ» ነው። ታዲያ ለምን «መንገድ» አንለውም? «ሸሪዓ»ም በመነሻው ወደ ውኃ የሚያወርድ መንገድ ነውና። ሁለቱንም «መንገድ» ካልናቸው አንባቢው መሀል ላይ ይጠፋል።

ይሄን ያነሳሁት «የሻፊዒ ሸሪዓ» የሚልም ስላጋጠመኝ ነው። ሸሪዓው አንድ ነው። የሚለያየው ፊቅሁ ነው፤ «ፊቅህ» ደግሞ መረዳት ማለት ነው። ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረግ መታጠብ) ያደረገ ሰው ከመስገዱ በፊት ቢነስረውና ደሙ ቢፈስ፣ ሐነፊዎች «ውዱእህ ፈርሷል፣ ድገም» ይሉታል። ሻፊዒዎች «ደሙን እጠብና ስገድ» ይሉታል። ሁለቱም ማስረጃቸውን ከቁርኣንና ከሐዲስ ይፈልጋሉ። ኢጅማዕ፣ ማለትም የሊቃውንት ስምምነት፣ ከዚያ ይከተላል። ቀጥሎ ቂያስ አለ፤ ቃሉ በቁሙ መለካት ነው። ቁርኣን የከለከለው አስካሪ መጠጥን ነው፤ ሐሺሽን በስም አልጠራም። «ይሄም አእምሮ ያስታል» ብሎ ክልከላውን ወደ ሐሺሽ ማሻገር ቂያስ ነው።

በነገራችን ላይ «ሐዲስ»ን «አዲስ» ብለው እንዳይተረጉሙት። ከግዕዙ «ሐዲስ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ እዚህ ግን የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ ነው።

ደግሞ መዝሀብ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ወሎ ላይ ኪታብ የቀራ (የሃይማኖት መጽሐፍ የተማረ) ደረሳ፣ ማለትም ተማሪ፣ «መዝሀብህ ምንድን ነው?» ሲባል «ሻፊዒይ ነኝ» ብሎ ያልፋል። «ቀራ»ንስ አዩት? ከዐረብኛ መጥቶ ይቀራል፣ አስቀራ እያለ እንደ አገሩ ልጅ ይረባል። ቃሉ ቤቱን ካገኘ ምን ያስተረጉመናል?

ስለዚህ መጀመሪያ ሲመጣ «የሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ አረዳድ ስልት)» ይበሉ። ከዚያ በኋላ «መዝሀብ» ብቻ ይበቃል። አራሚዎ ካስቸገረ ይሄን ያሳዩት።