መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን የሚረሳ ኮምፒውተር

ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ድረ ገጽ አልከፍትም እንደሚል፣ የፓይተን ፕሮግራም ጥቅሎችንም ፒፕ በሚባለው ማውረጃ ማውረድ እንዳቃተህ ጽፈሃል። ጠጋኙ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጭኖልሃል፤ ለውጥ የለም። ወንድሜ፣ «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ» የሚለውን እንዳነበብኩ የጠረጠርኩት ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ነው። ሊኑክሱ በከንቱ ተደከመበት።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት ተመልከት። ስህተቱ ልክ 3 ሰዓት ከሆነና ዊንዶውስም አብሮ ከተጫነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ ግን መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስኬደው ያቺ ባትሪ ሞታለች።

ድረ ገጹ ከቀን ጋር ምን አገናኘው? የድረ ገጽ ሰርተፍኬት እንደ መታወቂያ ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል ይላል። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ዛሬን ከ10 ዓመት በፊት ነው ብሎ ካመነ፣ ባለፈው ወር የወጣ መታወቂያ ስታሳየው «ይህ ገና አልተሰጠም» ብሎ ይመልስሃል። ዘበኛው ሥራውን ሠርቷል፤ የተሳሳተው ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ነው። ብሮውዘሩም፣ ፒፕም፣ የኡቡንቱ ማሻሻያም የሚያዩት ያንኑ መቁጠሪያ ነው። የሰርተፍኬት ማጣሪያውን አጥፋው የሚልህን አትስማ፤ ዘበኛውን አባርረህ በሩን ክፍት መተው ነው።

ኮምፒውተሩን ዝጋ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ ክዳኑን ክፈት። ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች። መያዣ ብረቷን ገፋ ስታደርግ ብቅ ትላለች፤ አዲሷን የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርገህ አስገባ። ከመግዛትህ በፊት በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለካት፤ ከ3 ቮልት በታች ካሳየች መልስ። ርካሾቹ ገና ከማሸጊያቸው ሲወጡ የደከሙ ናቸው። የላላውን መያዣ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የሚደግፉ ጠጋኞችም አሉ፤ ያ ወረቀት ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል፤ ካገኘኸው አውጣው።

አሮጌዋን ሞታለች ብለህ ጠረጴዛ ላይ አትተዋት። ሕፃን ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች፤ የቀራት ጥቂት ኃይል ለዚህ ይበቃል።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ የDel ወይም የF2 ቁልፍን እየመታህ ባዮስ (የቦርዱ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ግባና ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙላ። በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ኡቡንቱ ቅንብር ውስጥም ቀንና ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ክፈት፤ ጠጋኙ ሳይዘጋው አልቀረም፤ ክፍት ቢሆን ኖሮ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያርም ነበር። ከዚያ ገመዱን ነቅለህ አሳድረው። ጠዋት ቀኑ ዳግም ከሸሸ ችግሩ ከቦርዱ ነው፤ ጻፍልኝ።

ያቺን አሮጌ ባትሪ ግን አሁኑኑ በፕላስተር ጠቅልለህ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጣት።