የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደ መንዝ ጓሳ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ታኅሣሥ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጓሳ ወጥተን ሦስት ቀን በእግር እየተጓዝን ቀይ ቀበሮ ለማየት አስበናል። ተራራ ላይ አድሬ አላውቅም። ከምን ልጀምር? ምንስ ልያዝ?
ተ.፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ከእግርዎ ይጀምሩ። ከጥቅምት አጋማሽ አንሥቶ በሳምንት ሦስት ቀን ዳገት ይውጡ፤ መጀመሪያ ባዶ እጅዎን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ 8 ኪሎ ያህል ተሸክመው። ጫማውንም በዚያው ያለማምዱት። ያልተለመደ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ተረከዝ ይልጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ቀን ድንኳን ሲጠብቁ ይውላሉ።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን ያን ያህል ወጥቶ እዚያው ማደር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ እንቅልፍም ይነሣል። ስለዚህ ደብረ ሲና አንድ ሌሊት ይደሩና በማግሥቱ ጣርማ በር ላይ ወደ መዘዞ ይታጠፉ። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከዚያው አካባቢ ሰው ይጠይቁ። በደረሱበት ቀን ረጅም መንገድ አይሂዱ፤ ውኃ ይጠጡ፤ አረቄ ይቅርብዎ። ራስ ምታቱ በእረፍት ካልተሻለ፣ ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም እርምጃዎ ከተንገዳገደ ሌሊትም ቢሆን ይውረዱ።

ብርዱስ? በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ከለመዱት 13 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ይጥላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጋቢ ደርቦ በመጓዝ ነው። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ላብና ጤዛ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ከረጠበም አያሞቅም። ለድንኳን ያቆዩት። ለጉዞው ከሥር ቶሎ የሚደርቅ ቀጭን ልብስ፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይልበሱ። ለሌሊቱ የመንዝ ባናን የሚያህል የለም፤ ከበግ ጠጉር ስለሚሠራ ቢርስም ሙቀት ይይዛል። ከባድ ስለሆነ ግን የጭነት በቅሎ ወይም አህያ ይከራዩለት።

የጓሳ ሣር ጉብ ጉብ እያለ ነው የሚበቅለው። ከሩቅ ምንጣፍ ይመስላል፤ በጉብታዎቹ መካከል ግን የአይጥና የፍልፈል ጉድጓድ ተደብቋል፣ ቁርጭምጭሚት የሚዞረውም እዚያ ነው። በዱላ እየነኩ ይርገጡ። የጠዋቱ ጤዛ እስከ ጉልበት ያረጥባል። ቦቲ ጫማ ውኃ ባያስገባም እግር ውስጡ ያልበዋል፤ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ላቡ ይቀዘቅዛል። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የቆዳ ጫማና ትርፍ የሱፍ ካልሲ ይሻላል።

አሁን ወደ ቀበሮው። አሯሩጠው አያገኙትም። ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጠባቂዎች አንዱን መሪ አድርገው ጎሕ ሲቀድ ሰፊ ሜዳ የሚያሳይ ቦታ ይያዙ። ፀሐይ ስትወጣ ሣር የሚግጡት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው ይሰማራሉ፤ ዓይንዎን ከመንጋው ዳርና መካከል አይንቀሉ። እዚያው ጓሳ የተደረገ ጥናት ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ከሚሞክረው 67 በመቶው፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ቀስ ብሎ እስከተራመደ ድረስ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም።

ነፋሱን ለማወቅ ደረቅ ሣር ቆንጥረው ይልቀቁ። ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይፈስሳል፤ ስለዚህ ከቀበሮው በታች ከሆኑ ጠረንዎ አይደርሰውም። ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው ነፋሱ ሽቅብ ይዞራል፣ ያኔ ከበላዩ መሆን ያስፈልጋል። ማለዳ በደህና ያዩትን ረፋድ ላይ የሚያጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ቀበሮው መፈለጉን ትቶ ጆሮውን አቁሞ ካተኮረብዎት ቀርበውታል ማለት ነውና ባሉበት ይቁሙ። ታኅሣሥ ቡችሎች የሚገኙበት ጊዜ ስለሆነ ጉድጓዳቸውን ካዩ ወዲያው ይራቁ፤ የተረበሸች እናት ልጆቿን በብርዱ ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች።

ጥያቄ፦ የስልክ ካሜራ ይበቃል? ምስርስ እዚያ አይበስልም የሚባለው እውነት ነው?
ሰ.፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ስልኩ ለጭላዳ ይበቃል፣ ለቀበሮ አይበቃም። 8 በ42 የሚባለውን፣ 8 ጊዜ የሚያጎላ አቅራቢ መነጽር ይያዙ፤ 10 ጊዜ የሚያጎላው በነፋስ ውስጥ የእጅዎን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ሌሊት ከጎንዎ ይዘውት ይተኙ።

ምስሩ ይበስላል፣ ግን ይዘገያል። በ3,400 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ነዳጅዎ ያልቃል። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይያዙ፤ ትኩስ ካማረዎት ሽሮ። ለማገዶ ብለው አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦም ሆነ የጓሳ ሣር አይቁረጡ። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዓመታት እየከለሉ፣ ሲደርስ ብቻ እያሳጨዱ ያቆዩት ነው ጓሳው።

ጥያቄ፦ ለጅብ መከላከያ ውሻዬን ብወስደውስ?
መ.፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ እባክዎ አይውሰዱት። በዓለም የቀረው ለአቅመ መራባት የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 ያነሰ ነው። ለእርሱ ከጥይት የከፋው ከውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ተነሥቶ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን ጨርሷል። ለጅቡ ሥጋና ቆዳ ነገር ከድንኳን አያስጠጉ፤ ምግቡን ክዳን ባለው ዕቃ ዘግተው፣ ጫማውን ወደ ውስጥ አስገብተው ይተኙ።