ለእናትሽ የመስሚያ መሣሪያ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ «እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት፣ ጆሮዋ ደክሟል፤ መሣሪያ ከመደብር ልግዛላት ወይስ ክሊኒክ ልውሰዳት?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ከእናቴ ጋር አይቼዋለሁ።

1. መጀመሪያ ሐኪም ጆሮዋን ይይላት። የጠጠረ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል። መስማቷ በድንገት የጠፋ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ውሰጃት፤ ሕክምናው የሚረዳው በቶሎ ሲጀመር ነው።

2. ቀጠሮ ስትይዢ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ልጇ አይደለሽ? አንቺው አስተርጉሚ» አለችኝ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ እኮ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት! ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። ጢጥ ሲል እጅ ማንሳቱ ቋንቋ አይጠይቅም፣ ጥሩ ሄደ። ቀጥሎ ቃል ሰምቶ መድገም መጣ። በእንግሊዝኛ! «ሃሎ» እና «ታንክዩ» ብቻ የምታውቅ ሴት ምን ብላ ትድገም? መርማሪው ግን ውጤቱን አይቶ «ቃል መለየት አቅቷታል» አለና ውዱን መሣሪያ ደረደረልን። ኦዲዮግራሙን፣ ማለትም የመስማት ምርመራውን ውጤት የያዘውን ወረቀት፣ ተቀብዬ ወጣሁ። ቅጂው መብትሽ ነው፣ አትተዪው።

ሌላ ቦታ ያገኘናት ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ችግር ባለሙያ) በስልክ አስተርጓሚ አስገብታ በእርጋታ አስረዳችን። ጉዳቱ ቀጫጭን ድምፆች ላይ ነው፣ ዕድሜ የሚያመጣው። «ሰ»፣ «ፈ» እና «ተ» ያመልጧታል። «ድምፅሽ ይሰማኛል፣ የምትይው ነው የማይገባኝ» የምትለው ለካ ለዚህ ነበር። መጮህ ዋጋ የለውም፤ ፊት ለፊት ሆኖ ቀስ ብሎ መናገር ይሻላል።

3. ገንዘቡን በተመለከተ፣ መደበኛው ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአዛውንቶች የሚሰጠው የጤና መድን) ለመሣሪያው አይከፍልም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመደብር መግዛት የተፈቀደው በ2022 ነው፤ እሱም ለአዋቂዎች፣ ቀላልና መካከለኛ ችግር ላለባቸው ብቻ። የእናትሽ ከባድ ከሆነ ብርሽን አትበትኚ። ከክሊኒክ ከገዛሽ የመመለሻውን ጊዜ በጽሑፍ ተቀበዪ። ቀጭን ማይክሮፎን ጆሮዋ ውስጥ አስገብተው ድምፁን እንዲለኩላትም ጠይቂ። ብዙዎቹ ካልተጠየቁ ይዘሉታል፤ እኔ ነዝንዤ አስደርጌያለሁ።

እናቴ መሣሪያውን መጀመሪያ ላይ «የሲኒው ኳኳታ ራሴን በጠሰው» ብላ አውልቃው ነበር። ጸጥ ባለ ክፍል በቀን ትንሽ ትንሽ እያደረገች ለመደችው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስብከት አይሰማትም ካልሽ፣ ከአይፎን ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ምረጪ። «ላይቭ ሊስን» የሚለውን ከፍተሽ ስልኩን ሰባኪው አጠገብ ስታስቀምጪው ድምፁ በቀጥታ ጆሮዋ ይገባል። ጥሪውን ግን ዝጊው፤ መምህሩ ፊት ከጮኸ ዞር ብሎ የማያይሽ ምእመን የለም።