«ዝም ይበሉ» ስለሚለው የግሪክ ግስ

እህቴ፣ የጠየቅሽው በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥34 «ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ» ከሚለው በስተጀርባ ያለው የግሪክ ግስ የትኛው እንደሆነ፣ አገባቡም «ምንጊዜም፣ ፈጽሞ» የሚል ትርጉም ይኖረው እንደሆነ ነው። ለጀማሪዎች ግሪክ ሳስተምር ይህ ጥያቄ ያልተነሣበት ክፍል ትዝ አይለኝም፤ ስለዚህ መልሴ ቢረዝም አትፍረጂብኝ።

ግሱ «ሲጋኦ» ነው። ዝም ማለትንም፣ የጀመሩትን ንግግር ማቆምንም ያመለክታል። በቁጥር 34 የምናገኘው «ሲጋቶሳን» የሚለውን ነው፤ የአሁን ጊዜ ትእዛዝ፣ ሦስተኛ መደብ፣ ብዙ ቁጥር። የግሱ ግንድ («ሲጋ-») በአልፋ («ኣ») የሚያልቅ ስለሆነ ተከታዩ ኤፕሲሎን («ኤ») ተውጦ አንድ ረጅም አልፋ ብቻ ቀርቷል። ለሦስተኛ መደብ የሚሰጥ ትእዛዝ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ያደናግራል፤ ለእኛ ግን «ይበል፣ ይበሉ» አለልን። ግእዝ ግስ የዘለቀ ተማሪ ትእዛዝ አንቀጽን ስለሚያውቅ እዚህ ላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ክርክሩ የሚነሣው ከአሁን ጊዜ ላይ ነው። «የአሁን ጊዜ ትእዛዝ የማያቋርጥ ድርጊት ነው፣ ስለዚህ ዝምታውም ዘላለማዊ ነው» ሲባል ከአንድም ሁለት መድረክ ሰምቻለሁ። አባባሉን ለመፈተን ከምዕራፉ መውጣት አያስፈልግም። በቁጥር 28 የሚተረጉም ከሌለ በልሳን የሚናገረው ሰው «ሲጋቶ»፣ ዝም ይበል። በቁጥር 30 ለተቀመጠው ለሌላው ቢገለጥለት የፊተኛው «ሲጋቶ»። ያው ግስ፣ ያው ጊዜ፣ ቁጥሩ ብቻ ነጠላ ነው። የፊተኛው ነቢይ እስከ ዕለተ ሞቱ አፉን ይዝጋ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም! ይልቁንም በቁጥር 28 «ለራሱና ለእግዚአብሔር ይናገር» የሚለውም የአሁን ጊዜ ትእዛዝ ነው። በዚያ ስሌት ያው ሰው ሳያቋርጥ ዝም እያለ ሳያቋርጥ መናገር ሊኖርበት ነው።

ይኸው ግስ በሌላ መጽሐፍም አለ፤ በሐዋርያት ሥራ 15፥12 ሕዝቡ ዝም ብሎ በርናባስንና ጳውሎስን ሰማ። በቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ግሱ እነርሱ ንግግራቸውን መጨረሳቸውን ይገልጻል፤ ያዕቆብ ቃሉን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ግስ ከሌሎቹ አትቀላቅዪው። በማርቆስ 4፥39 ባሕሩ የታዘዘው በ«ሲዮፓኦ» እና በ«ፊሞኦ» ነው። ሁለተኛው በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18 የሚያበራየውን በሬ አፍ ስለማሰር የተነገረው ግስ ነው። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥11–12 ያለው ግን ግስ አይደለም፤ «ሄሲኪያ» የሚል ስም ነው። በ2ኛ ተሰሎንቄ 3፥12 ሰዎች በጸጥታ እየሠሩ የራሳቸውን እንጀራ ይብሉ ሲል ጳውሎስ የተጠቀመው ይህንኑ ስም ነው፤ ያ ጸጥታ አፍ ከመዝጋት ይልቅ ስክነት ነው።

እንግዲህ ዝምታው እስከ የት እንደሚደርስ የሚወስነው በዙሪያው ያለው ንባብ ነው። በዚያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥5 ሴቶች ሲጸልዩና ትንቢት ሲናገሩ እናያለን፤ በ14፥35 ደግሞ ሊማሩ ከወደዱ ባሎቻቸውን በቤታቸው ይጠይቁ ይላል። እኔ በጉባኤ መካከል ስለሚነሣ ጥያቄ የተባለ ነው ብዬ አነባለሁ። ይህ ግን ከዐውዱ የተነሣ አስተያየቴ ነው፤ «ሰዋስው አረጋገጠልኝ» ብዬ አልመጻደቅም፣ በተቃራኒው የቆመም እንዲህ ባይል ደስ ይለኛል።

ቁጥር 34 እና 35 በአንዳንድ የእጅ ጽሑፎች ከቁጥር 40 በኋላ መገኘታቸው ሌላ ሰፊ ርእስ ነው፤ ከፈለግሽ ለብቻው ጠይቂ።