አንገቱን የላጠው አልማዝ ባለጭራ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና አካባቢ ነው። ባለቤቴ 34 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ገብስ አጨዳ ውሎ ማጅራቱና ክንዱ ጠቁሮ ያቃጥለው ጀመር። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ አንገቱ ላይ በጅራፍ የተገረፈ የመሰለ መስመር ወጣበት፤ ክርኑ መታጠፊያ ላይም ከላይና ከታች እንደዚያው። ውሃ ቋጠረ። አማቴ «ሸረሪት ሸንታበት ነው» ብለው ጤና አዳም በሎሚ አሽተው ቀቡት። ያንን ተቀብቶ እርሻ ዋለና ባሰበት። እኔም የካፕሱል ዱቄት ነሰነስኩበት። ጎረቤት «አልማዝ ባለጭራ ነው፣ ዞሮ ራሱና ጭራው ከገጠመ አይተርፍም» ይላል። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከመድኃኒት ቤት ምን ቅባት ልግዛለት? አምና ሱዳን ጠረፍ መተማ ለሥራ ከርሞ ነው የመጣ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቅባቱን እነግርዎታለሁ፤ ቀላሉ እሱ ነው። ለፀሐይ ቃጠሎ ቅባት የሚጠይቅ ሰው ግን መተማን አያነሣም። አልማዝ ባለጭራ በጎልማሳ ላይ ሲወጣ ሰው የሚያንሾካሹከውን አውቃለሁ፤ እንቅልፍ የነሳዎትም የኤች አይ ቪ ነገር እንጂ የአንገቱ መላጥ አይመስለኝም። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር። ሳላየው የምጨርሰው ነገር ባይኖርም፣ የጻፉልኝ አልማዝ ባለጭራን አይመስልም።

አልማዝ ባለጭራ ከመውጣቱ በፊት ያማል። ሽፍታው ከመታየቱ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ቦታውን ይወጋዋል፣ ያቃጥለዋል፣ ልብስ ሲነካው እንኳ አያስችለውም፤ ቆዳው ላይ ግን ምንም አይታይም። ከዚያ በቀላ ቆዳ ላይ ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ይወጣሉ። የእርስዎ ባለቤት ግን ለቀናት ሳያመው፣ ፀሐይ ላይ በዋለ ማግስት ነው ተልጦ የተነሣው። ደግሞም አልማዝ ባለጭራ የሚወጣው በአንድ ወገን፣ በአንድ ስፍራ ነው፤ አንገትና ክርን ላይ በአንድ ሌሊት አይወጣም። ክርን ሲታጠፍ የሚገናኙት ሁለቱ ገጾች ላይ አንዱ ከሌላው የተገለበጠ ምልክት መውጣቱ ደግሞ አንድ የሚያቃጥል ነገር በመሃል ተጨፍልቆ እንደነበር ይነግረኛል። ወደሱ እመለሳለሁ።

አሁን ጎረቤትዎ ወዳሉት «ዞሮ ከገጠመ ይገድላል»። ይህ ወሬ ከበሽታው ይልቅ ብዙ ሰው ስላስጨነቀ ሰፋ አድርጌ ልናገርበት። አልማዝ ባለጭራን ሸረሪትም፣ እንሽላሊትም፣ ሌላ ነፍሳትም አያመጣውም። የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ የሚያስይዘን ቫይረስ ነው። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም፤ ከአከርካሪ አጥንት አጠገብ ነርቭ ሥር ገብቶ ለዓመታት ይተኛል። የሰውነት መከላከያ በእርጅና፣ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ሲላላ ተነሥቶ ያንኑ ነርቭ ይዞ ወደ ቆዳ ይወጣል። ነርቮቹ ደግሞ ከአከርካሪ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት። የግራው ግራውን ጎን፣ የቀኙ ቀኙን ይዞ ይመጣና ፊት ለፊት እምብርቱ መስመር ላይ ሲደርስ ያበቃል። ሽፍታው እንደ መታጠቂያ ግማሽ ወገብ ይዞ እምብርት ላይ ቀጥ የሚለው መድኃኒተኛ አስቁሞት ሳይሆን ነርቩ እዚያው ስለሚያልቅ ነው። ዞሮ የሚገጥምበት መንገድ የለውም። መከላከያው በጣም የተዳከመ ሰው ላይ ከመስመሩ አልፎ ሊሰራጭ ይችላል፤ ያኔም አሳሳቢው መከላከያው መዳከሙ እንጂ ቀለበት መሥራቱ አይደለም። «እንዳይገጥም» ተብሎ በመሃል ቆዳ መተኮስ፣ ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፦ እነዚህ ራሳቸው ቁስል ያመጣሉ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ታስሮ ሲያድር ቆዳን እንደ እሳት ይልጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ቤተሰቡ አልማዝ ባለጭራ መሆኑን አምኖ ከነበረ፣ አምስት ቀን ጓዳ ማስቀመጥ ምን ይባላል? ለዚህ በሽታ መድኃኒት አለው። አሲክሎቪር ይባላል፤ የሚታዘዘው በሐኪም ነው፤ በደንብ የሚሠራውም ሽፍታው በታየ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። እናንተ ጤና አዳምና ካፕሱል ስትፈራረቁ ሦስቱ ቀን አለፈ። ግንባር፣ የዓይን ቆብ ወይም የአፍንጫ ጫፍ ላይ የወጣ ከሆነማ አንድ ቀን ማደርም የለበትም፤ የዓይን ብርሃን ሊወስድ ይችላል።

ኤች አይ ቪን በተመለከተ፦ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለት አይደለም። ምንም የሌለባቸውን አረጋውያን በብዛት ይይዛል። ከ50 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲወጣ ግን ምርመራ እናዝዛለን፤ ይህን አልደብቅዎትም። የባለቤትዎ ቆዳ ወደዚያ የሚያስኬድ ባይሆንም ጥርጣሬው በቤታችሁ ገብቷልና በቅባት አይወጣም። ሁለታችሁም አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ተመርመሩ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራው በነጻ ነው፤ ውጤቱ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። ከመተማ ከተመለሰ ከሦስት ወር በላይ ከሆነው በዚያ ጊዜ የሆነ ነገር ካለ ምርመራው ያሳያል። ቢገኝ እንኳ መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ የማይታይ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም፤ ሠርቶ፣ ወልዶ ይኖራል። «መተማ ነበርክ» ብሎ በሩቁ መጠርጠር ግን ትዳር ያፈርሳል እንጂ አይመረምርም።

አሁን ወደ ቆዳው። ሦስት ነገር የተደራረበበት ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። «ጥቁር ቆዳን ፀሐይ አያቃጥለውም» ይባላል፤ ያቃጥለዋል። ቶሎ አይቀላም እንጂ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ልብስ ሲነካው ያማል፣ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ይላጣል። ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። የእናንተ ደጋ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው መቃጠሉን የሚያውቀው ማታ ቤቱ ሲገባ ነው። አጫጅ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ስለሚውል ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ የሚያርፈው ማጅራቱ ላይ ነው። ባርኔጣው ፊቱን ይሸፍናል፣ ማጅራቱን ይረሳል። ፎጣ ከባርኔጣው ሥር አድርጎ ወደ ኋላ መልቀቅና ረጅም እጅጌ መልበስ ከውድ የፀሐይ ክሬም የተሻለ ነው።

ሁለተኛው፣ ያ መስመር፦ ጥንዚዛ ነው ብዬ እገምታለሁ። ዝናብ ሲያባራ በምሥራቅ አፍሪካ የሚበዛ፣ ጉንዳን የሚመስል፣ ርዝመቱ ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ጥንዚዛ አለ። ራሱ ጥቁር፣ ደረቱና ሆዱ ብርቱካንማ፣ መሃሉ ሰማያዊ የሚመታ ጥቁር፣ የጭራው ጫፍ እንደገና ጥቁር ነው፤ ሲነኩት ጭራውን ቀና ያደርጋል። አይነክስም፣ አይናደፍም። ማታ ወደ መብራት ይመጣል። አንገትዎ ላይ ሲሄድ በእንቅልፍ ልብ መታ አድርገው ሲጨፈልቁት ግን ከደሙ ፔዴሪን የሚባል መርዝ ይወጣል። ሲፈስ ምንም አይሰማም፤ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ በተደመሰሰበት መስመር ልክ ቆዳው ይቃጠላል፣ ውሃና መግል መሰል ነገር ይቋጥራል። ክርን ሲታጠፍ ደግሞ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይታተማል። የሶላር መብራታችሁ ከመኝታው በላይ ከተሰቀለ ከዛሬ ጀምሮ ወደ በሩ አርቁት፤ ሲተኙም አጥፉት። ሰውነት ላይ ካዩት እፍ ብለው ያስወግዱት እንጂ አይምቱት። ከተጨፈለቀ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠቡ፤ በዚያ እጅ ዓይን አይነካም። የለበሰው ሸሚዝና አንሶላውም ይታጠብ።

ሦስተኛውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ አማትዎ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ሎሚም እንደዚሁ። ሁለቱም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ጨረሩን ስቦ ቆዳ ላይ ያበረታዋል። ባሰበት ያሉኝ ለዚህ ነው። ጭማቂው የተንጠባጠበበትን መስመር ተከትሎ ክንዱ ላይ ወደ ታች የወረደ ጥቁር ቡናማ ምልክት ካዩ ምክንያቱ ይሄ ነው። ጤና አዳም ለቡና ይቅር፤ ለቆዳ አይሁን።

የካፕሱሉ ዱቄትስ? ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደምንናገረው! የሚዋጥ መድኃኒት ቁስል ላይ አይነሰነስም። ከቁስሉ ውሃ ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ይሆናል፣ መግል ከሥሩ ይታቆራል፣ አንዳንዱን ሰውም አለርጂ ያስይዘዋል። በለብታ ውሃና በሳሙና አርጥባችሁ ሳትፍቁ አንሡት። ከዚሁ ካፕሱል እየዋጠም ከሆነና ዶክሲሳይክሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ከሆነ ያቁም፤ እነዚህ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉ።

አሁን የሚገዙትን ልንገርዎ። አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ያድርጉለት፤ በረዶ አይሁን። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ ከራሱ ቆዳ የተሻለ ፋሻ የለም። ለሕመሙ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ ሳያልፍ። ላልተላጠውና ለሚያሳክከው ቦታ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ክሬም፣ በቀን ሁለቴ፣ ከሰባት ቀን ሳያልፍ። መጠኑ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተዘረጋ ክሬም ሲሆን ሁለት መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። በተላጠና መግል በያዘ ቦታ ላይ አይቀባም፤ እዚያ ስስ ቫዝሊን ይበቃል። ካላማይን ካገኙም ለማሳከክ ጥሩ ነው። ማታ ማታ ሴትሪዚን 10 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ። ባለመድኃኒት ቤቱ በምትኩ ክሎርፌኒራሚን ከሰጠዎት ያስተኛል፤ ያንን ውጦ ጠላና አረቄ መጠጣትም ማጭድ መያዝም አይሆንም። እሬት ከደጃችሁ ካለ ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚፈሰው ቢጫና መራራ ውሃ ቆዳን ስለሚያስቆጣ አፍስሱት፤ የሚቀባው መሃሉ ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ልጋግ ብቻ ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጋዝ፣ እንቁላል አያስፈልጉም።

ለትንኝ፣ ለቁንጫና ለትኋን ንክሻም ያው ክሬምና ያው ኪኒን ነው፤ የቁንጫው ቁርጭምጭሚት ላይ፣ የትኋኑ ተሰልፎ ይታያል። ንብ ከነደፈ መርዙ ከእሾሁ መፍሰሱን ስለማያቆም እሾሁን በጥፍርም በቢላ ጀርባም በሰከንዶች ውስጥ ማንሣት ነው፤ መፍጠኑ ከአያያዙ ይበልጣል። ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ካዞረ ክሬም አይፈለግም፤ በተገኘው መኪና ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ባለቤትዎ ዘንድ አንድ ነገር ዛሬውኑ ያድርጉ። የቁስሉን ዳር በእስክርቢቶ ያስምሩ። ነገ ጠዋት እብጠቱና ግለቱ ከመስመሩ ካለፈ፣ ብብቱ ሥር ንፍፊት ከወጣ ወይም ካተኮሰው ቁስሉ አመርቅዟልና ሐኪም ይየው። ትኩሳት ከመጣ ደግሞ «የቃጠሎው ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ቆላ የከረመ ሰው ስለሆነ የወባ ምርመራም ያስፈልገዋል። እነዚህ ከሌሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይደርቃል።

ከደረቀ በኋላ ጥቁር ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ያ ቁስሉ አለመዳኑ ሳይሆን ቆዳው ቀለም መያዙ ነው፤ በራሱ ይለቃል። ለማጥፋት ብላችሁ ገበያ ላይ ያለውን የፊት ማንጫ ክሬም አትግዙ። ብዙዎቹ ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ቆዳውን ያሳሱትና ለሚቀጥለው ዓመት ፀሐይ ጭራሽ ያጋልጡታል።