የጀርመኑ መሪ ለምን «መራሔ መንግሥት» ተባሉ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። በአማርኛ ዜና የጀርመኑን መሪ «መራሔ መንግሥት»፣ የእንግሊዙን ደግሞ «ጠቅላይ ሚኒስትር» ሲሉ እሰማለሁ። ሥራቸው አንድ ከሆነ ስሙ ለምን ተለያየ? ፕሬዚዳንቱ «ርእሰ ብሔር» ናቸው ብዬ ለባለቤቴ ሳስረዳትም «የየትኛው ብሔር?» ብላ ሳቀችብኝ።

መልስ፦ ከባለቤትዎ ሳቅ ልጀምር፤ ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። ዛሬ «ብሔር» ሲባል ቶሎ ጆሯችን ላይ የሚያቃጭለው «ብሔር ብሔረሰቦች» የሚለው ነው። ይሄ ትርጉም ግን የቅርብ ጊዜ ነው፤ ገንኖ የወጣው በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ነው። በግእዝ ብሔር ማለት አገር፣ ምድር፣ ሥፍራ ነው። እግዚአብሔር የምንለውም «እግዚአ ብሔር» ነው፤ የዓለም ጌታ እንደማለት። አዲስ አበባ ውስጥ ብሔረ ጽጌ የሚባል ሰፈር አለ፤ የአበባ አገር ማለት ነው። ጽጌ የሚባል ብሔረሰብ ይኖርበት እንደሆነ ረዳቱን የጠየቀ የታክሲ ተሳፋሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ብሔራዊ ባንክና ብሔራዊ ቡድንም የድሮውን ትርጉም እንደያዙ ናቸው። ርእሰ ብሔርም እንደዚያው የአገር ራስ፣ አገርን የሚወክል ሰው ነው። የእኛ የ1987 ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 69 ፕሬዚዳንቱን በዚሁ ስም ይጠራል።

ወደ ጀርመኑ ስንመጣ፣ ጀርመኖች የሚሉት «ካንዝለር» ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው በችሎት ፍርግርግ አጠገብ የሚቆም ሹም ነበር። ቆየት ብሎ የንጉሡን ደብዳቤና ማኅተም የሚይዝ ባለሥልጣን መጠሪያ ሆነ። በእኛ ቤት ይህን ሥራ የሚሠራው ማን ነበር? ጸሐፌ ትእዛዝ! ቃል በቃል እንተርጉም ብንል ኖሮ ዛሬ ጀርመንን የሚመሩት «ጸሐፌ ትእዛዝ ፍሪድሪሽ ሜርስ» ይሆኑ ነበር። እኔን በግሌ ደስ ይለኛል፤ ሰሚው ግን ወዲያው ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድን ነው የሚያስበው።

«መራሔ መንግሥት» ያለው ተርጓሚ ቃሉን ትቶ ወንበሩን ተረጎመ፤ ደግ አደረገ። መራሒ ማለት የሚመራ ነው። የ1949ኙ የጀርመን ሕገ መንግሥትም የፖሊሲውን አጠቃላይ አቅጣጫ የሚወስነው ካንዝለሩ ነው ይላል። የእንግሊዙ ግን በገዛ አገሩ ስሙ «ሚኒስትር» ስለሆነ ጠቅላይ ሚኒስትር አልነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ኦስትሪያም ካንዝለር ስላላት መራሔ መንግሥት ቢባል ያስኬዳል። እንግሊዝ አገር «ቻንስለር» የሚባሉት የገንዘብ ሚኒስትሩ መሆናቸውን ግን አይርሱ። እሳቸውን መራሔ መንግሥት ካልን ጉድ ፈላ።

ሁለቱም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም መራሔ መንግሥቱም፣ «ርእሰ መንግሥት» ናቸው። ይሄ የሥልጣኑ ዓይነት ነው፤ ማዕረግ አይደለም። «ርእሰ መንግሥት ሜርስ» ብሎ መጥራት «አባወራ ከበደ» እንደማለት ነው፤ ውሸት አይደለም፣ ግን እንደዚያ አይባልም። በአሜሪካ ርእሰ ብሔሩም ርእሰ መንግሥቱም አንድ ሰው፣ ፕሬዚዳንቱ፣ ናቸው። እስራኤል ለሁለት ትከፍለዋለች፤ እንግሊዝም እንዲሁ፣ ርእሰ ብሔሯ ንጉሥ ይሁኑ እንጂ።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የታየው ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሜርስ ለመመረጥ 316 ድምፅ ያስፈልጋቸው ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር ያገኙት 310 ነው። በዚያው ቀን በድጋሚ ድምፅ ተሰጥቶ 325 አገኙ። ከዚያ ወደ ፕሬዚዳንት ሽታይንማየር ሄደው የሹመት ደብዳቤያቸውን ተቀበሉ። ለባለቤትዎ እንዲህ ብለው ይንገሯቸው፦ «ርእሰ ብሔሩ፣ ምክር ቤቱ የመረጣቸውን ሰው መራሔ መንግሥት አድርገው ሾሙ።»

ሲጽፉት «መራሔ»ን በሐመሩ ሐ ያድርጉት፤ መርሕና መርሐ ግብር ዘመዶቹ ናቸው። «ርእስ» ደግሞ በግእዙ በአልፋው እ ነው። በዐይኑ ዕ መጻፉ እየተለመደ ስለሆነ ግን «ርዕሰ ብሔር» ብሎ ከጻፈ ሰው ጋር አልጣላም።