የድሮ የእንግሊዝ የወንጀል ፊልሞች ለምን አጠሩ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሰሞኑን የድሮ የእንግሊዝ የወንጀል ፊልሞች ሱስ ይዞኛል። ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፉ ነው። ሁለት ሦስት የቤት ክፍሎች ውስጥ ተጀምረው እዚያው ያልቃሉ። ታሪኩ ለንደን ውስጥ ሆኖ ሳለ ዋናው ሰውዬ ብዙ ጊዜ አሜሪካዊ መሆኑ ደግሞ ግራ ይገባኛል። ጓደኞቼ «ርካሽ ነገር ነው፣ ጊዜሽን አታባክኚ» ይሉኛል። እኔ ግን ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል። ለምን እንደዚህ ተሠሩ? ቀጥዬስ የቱን ልይ?

መልስ፦ እህታችን፣ ርካሽ መሆናቸው እውነት ነው። መጥፎ ናቸው ማለት ግን አይደለም፤ እንዲያውም የምትወጂላቸው ነገር ከገንዘብ ማጣቱ የመጣ ይመስለኛል።

ከርዝመቱ እንጀምር። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ያሳዩ ነበር። አንደኛው ትልልቅ ኮከቦች ያሉበት ዋናው ፊልም ነው። ያንቺዎቹ አጃቢዎቹ ናቸው። አጃቢው ከረዘመ በቀን የሚታየው ዙር ስለሚቀንስ አንድ ሰዓት ገደማ ላይ መጠቅለል ነበረበት።

ነገሩ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። ሆሊውድ የእንግሊዝን ሲኒማ ቤቶች አጥለቅልቋቸው ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣ ሕግ አከፋፋዮችም ሲኒማ ቤቶችም ከሚይዙት ፊልም የተወሰነው የግድ የእንግሊዝ እንዲሆን አዘዘ። የአሜሪካ ኩባንያዎችም ኮታውን ለመሙላት ያህል ብቻ በጥድፊያ የሚሠሩ ፊልሞችን ማሠራት ያዙ። የፊልም ጥቅል ርዝመት በጫማ ይለካ ስለነበር የተለመደው ክፍያ ለአንድ ጫማ አንድ ፓውንድ ሆነ። አስቢው፣ የአንድ ሰዓት ፊልም 5,400 ጫማ ነው። ደመወዙ፣ ስቱዲዮው፣ መብራቱ፣ ሁሉም ነገር በ5,400 ፓውንድ አካባቢ! የ1938ቱ ሕግ ዝቅተኛ የወጪ መጠን እስኪያስቀምጥ ድረስ እንዲህ ተሠራ። ብዙዎቹ የሚረሱ ናቸው፣ አልዋሽሽም። ግን በኋላ ከእንግሊዝ ታላላቅ ዳይሬክተሮች አንዱ የሆነው ማይክል ፖዌል ከ20 በላይ የሚሆኑትን ሠርቶ እጁን ያፍታታው እዚያ ነው።

አሜሪካዊው ሰውዬ የመጣው ለገበያ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሀመር የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሮበርት ሊፐርት ከሚባል አሜሪካዊ ጋር ተስማማ። ሊፐርት በሆሊውድ ስማቸው መደብዘዝ የጀመረ ተዋናዮችን ይልካል፣ ፊልሙንም አሜሪካ ውስጥ ያከፋፍላል። ዴን ክላርክና ዳን ዱርየ ለንደን ጎዳና ላይ ብቅ ያሉት በዚህ መንገድ ነው።

ክፍሎቹን በተመለከተ ግን ረጋ ብዬ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ከሌለ የመኪና ማሳደድ የለም፣ ፍንዳታ የለም። የሚቀረው ፊትና ድምፅ ነው። ሀመር በ1961 የሠራውን «ካሽ ኦን ዲማንድ» እይው። የገና በዓል እየተቃረበ ነው፤ አንዲት ትንሽ የባንክ ቅርንጫፍ። ፒተር ኩሺንግ ሠራተኞቹን በጥቃቅን ስህተት የሚያንጨረጭር፣ ፈገግታ የማያውቅ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይሠራል። አንድ ጨዋ የሚመስል ሰው የኢንሹራንስ መርማሪ ነኝ ብሎ ይገባል። አንድሬ ሞሬል ነው። ከዚያ ስልክ ይደወላል፣ የሥራ አስኪያጁ ሚስት ድምፅ ይሰማል። ሚስቱና ልጁ ታግተዋል ማለት ነው፤ 93,000 ፓውንዱን ከካዝና አውጥቶ የሚያስረክበው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ሊሆን ነው።

ከዚህ በኋላ ሽጉጥ የሚተኩስ የለም። ዘራፊው ድምፁን እንኳን ብዙም ከፍ አያደርግም። አንቺ የምታዪው የኩሺንግን ፊት ነው፤ ላቡ ችፍ ሲል፣ ያ ሁሉ ኩራት ቀስ በቀስ ሲረግፍ፣ ጠዋት ሲያመናጭቃቸው የነበሩትን ሠራተኞች ሲለምን። ሰዓቱ ሲቆጥር አብረሽ ትቆጥሪያለሽ። በጀቱ አሥር እጥፍ ቢሆን ካሜራው ከዚያ ክፍል ይወጣ ነበር፣ ጭንቀቱም አብሮት ይወጣ ነበር።

እሱን ከጨረስሽ በእንግሊዛዊው የወንጀል ታሪክ ደራሲ በኤድጋር ዋላስ ስም የተሠሩትን ተከታታይ ፊልሞች ያዢ። በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ደቡብ ለንደን በሚገኘው መርተን ፓርክ ስቱዲዮ ከ40 በላይ ተሠርተዋል። የደራሲው ሐውልት ጭጋግ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሽከረከር ካየሽ እነሱ ናቸው። ጥራታቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልያዘሽ ወደሚቀጥለው እለፊ።

«ካሽ ኦን ዲማንድ»ን ስታዪ ግን መግቢያውን እንዳትዘይው። ስሞቹ ሲያልፉ ካሜራው ሰው ያልገባበትን ባንክ ይዞራል። በኋላ የምትጨነቂበትን ቤት የምትለምጂው ያኔ ነው።